ጥሩምባው ዝም የሚልበት ደጅ

ሐሙስ ጥር 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቡታጅራ በጋሽ ፈቃዱ ሳሎን ውስጥ የነበርነው ጋሽ ፈቃዱ ራሳቸው፣ ባለቤታቸው አክስቴ ወርቅነሽ፣ ጎረቤታችን የቆዳ ነጋዴው ጋሽ ሸረፋ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች እና እኔ ነን። የጋሽ ፈቃዱ ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ተካ፣ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። ቀብሩ አርብ በስምንት ሰዓት እንዲሆን ተወስኗል። ውጭ የእድሩ ልጆች ድንኳን ይተክሉ ነበር፤ ካስማ ሲመቱ ድምፁ በመስኮት ይገባል። ውስጥ የሚመከረው ግን ስለ ቀብሩ አልነበረም። ጋሽ ተካ ያላቸው አንዲት ልጅ ሰገነት ናት፤ ወልቂጤ ታስተምራለች። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፣ ወንድም እህት የላትም። የሚመከረው መርዶውን ማን ሄዶ ይንገራት፣ መንገድ ላይ ማን ደግፎ ያምጣት የሚለው ነበር።

በስልክ ይነገራት ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ ለሐሳብም አይቀርብም። አንደኛው ሽማግሌ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው አሉ። ሌላኛው ደግሞ ነገ ጎህ ሲቀድ ወልቂጤ ከሆንን መንገዱ ቢበላሽ ለቀብሩ ላትደርስ ትችላለች አሉ። በመጨረሻ ጋሽ ፈቃዱና ጋሽ ሸረፋ ዛሬውኑ ሄደው "አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል" ብለው እንዲያመጧት፣ መርዶውንም እዚሁ አጎቷ ቤት፣ በዘመድ መካከል እንድትሰማ ተስማሙ። ጋሽ ሸረፋ በሚኒባስ ኮንትራት የሚሄድላቸው ሹፌር ያውቁ ነበር። ደርሶ መልስ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ያለውን በስልክ ተከራክረው ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አወረዱት። ቤቷን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ እኔም እንድሄድ ተባለ፤ ሁለት ጊዜ ከጋሽ ተካ የተላከላትን ቆጮ አድርሼላት አውቃለሁ። እኔ ጥግ ላይ፣ ጋሽ ፈቃዱ በገዛ እጃቸው ሠርተው ቫርኒሽ ሳይቀቡት የቀረ ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ እሺ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

ይህ ሁሉ አልቆ ሰው ሊነሣ ሲል የጋሽ ፈቃዱ ስልክ ጠራ። የደወለው መርካቶ ያለ የጣውላ ደንበኛቸው ነው፤ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሁላችንም ሰማነው። እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ሰምቼ ደንግጬ ነው፣ ነገ ለቀብሩ እንደርሳለን አለ። ጋሽ ፈቃዱ ከማን ሰማህ ብለው ጠየቁት።

"ከዮሴፍ ብሎግ ላይ ነዋ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቷል።"

ጋሽ ፈቃዱ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አክስቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ሰገነት ይህን ነገር ታያለች?"

"ታያለች፣ አክስቴ" አልኩ። "በየቀኑ ታያለች።"

ስለ ብሎጉ ትንሽ ልንገር። ዮሴፍ የጋሽ ፈቃዱ የበኩር ልጅ ነው፤ ዲግሪ አለው፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ አቋርጫለሁ፤ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ። ዮሴፍ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ጎራ ይልና ቆሞ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ብሎጉን ከከተማችን በላይ ባለው ተራራ ስም "ከዘቢዳር ሥር" ብሎታል። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ወጣቱ ሚና፣ ስለ ንባብ ጥቅም፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ረጃጅም ጽሑፎች ነበር የምናወጣው። ያኔ በቀን ዘጠኝ አስር ሰው ያነበዋል፤ ከእነሱም አንዱ ዮሴፍ ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ፖለቲካ አይነካም፤ እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ሳምንት ገጹ አይከፈትም፣ ለምን እንደማይከፈት የሚነግረን የለም። ከዚያ ዮሴፍ አንድ ቀን ጥሩ ብሎግ ማለት ጸሐፊው የሚያምርበት ሳይሆን አንባቢው ሌላ ቦታ የማያገኘውን ነገር በዕለቱ የሚያገኝበት ነው የሚል ነገር አንብቦ መጣ። በማግስቱ የጎረቤት ከተማችን የቆሼ ገበያን የበርበሬ ዋጋ አወጣን። ቧንቧ ውኃ ለየትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ አወጣን። ወደ ወልቂጤ የሚወስደው የጉብሬው መንገድ ተቆርጦ ከሆነ ተቆርጧል አልን። አዲስ አበባ ያለው የአገራችን ሰው እየመጣ ማንበብ ጀመረ። ሰገነትም ለዮሴፍ ደውላ፣ ወልቂጤ ተቀምጬ የቡታጅራ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ቆጥሬ ደስ ይለኛል፣ አባቴ ባልዲውን ሲያወጣ ይታየኛል ብላዋለች።

የሞት ዜና የጀመርነው ከመስቀል በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሹፌር የሆነ አንድ የጥያ ሰው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ መጥቶ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እናቱ ስትሞት ሽማግሌዎች በወጉ በጠዋት እንንገረው ብለው ሲያዘገዩ፣ እሱ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዮሴፍ ሰው ሲሞት በሦስት መስመር ያወጣል፤ ስም፣ ሰፈር፣ የቀብር ሰዓት። በቀን የሚያነበን ሰው አራት መቶ ደረሰ። ከሳዑዲ ሳይቀር እየጻፉ መረቁን። አንዲት ሴት ከጅዳ፣ የጎረቤቴን ሞት በእናንተ ሰምቼ ከዚህ ሆኜ ዱዓ አደረግሁ፣ አላህ ይስጣችሁ ብላ ጽፋልናለች። እኔ ይህ ጥሩ ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሁንም አይደለም ማለት ይከብደኛል። የዚያን ዕለት ጠዋት ዮሴፍ ከሆስፒታል ቀጥታ መጥቶ፣ ዓይኑ እንደቀላ፣ የአጎቱን ስም ሲነግረኝ ጻፍኩ። እሱ ለሰገነት ሌሊቱን ሰው ተልኮላት ይሆናል ብሎ አስቧል። እኔም እሱ አስቦበት ይሆናል አልኩ።

ዮሴፍ ከድንኳኑ ተጠርቶ ገባ። አባቱ እንዲቀመጥ አልነገሩትም፣ እሱም አልተቀመጠም። ብሎጉ ላይ ያወጣው ለክፋት እንዳልሆነ፣ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች ነገ በስምንት ሰዓት መድረስ ካለባቸው ዛሬ ማወቅ እንዳለባቸው ቀስ ብሎ አስረዳ። የጥያውንም ሰውዬ አነሣ። ሽማግሌዎቹ እየሰሙት አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ነገሩ እውነት ነው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"አባዬ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጠዋት ከተማውን ሙሉ እየዞረ ሲናገር አልነበረም? እኔ ከእሱ በምን እለያለሁ? የእሱ ድምፅ አዲስ አበባ አይደርስም፣ የእኔ ይደርሳል። ልዩነቱ ይኸው ነው።"

ጋሽ ፈቃዱ ቀና ብለው አዩት።

"ጥሩምባ ነፊው ያልተነገረው ሰው ደጅ ሲደርስ ጥሩምባውን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ዝም ብሎ ያልፋል" አሉ። "አንተ የማንን ደጅ እንዳለፍክ ታውቃለህ?"

ጋሽ ሸረፋ ነገሩን ለማብረድ፣ በእኛ ቢሆን ወላሂ ይህ ሁሉ ክርክር ሳይጀመር ተቀብሮ ነበር፣ እናንተ ሬሳ አስቀምጣችሁ ትከራከራላችሁ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። ጋሽ ፈቃዱ ለልጃቸው "አጥፋው" አሉትና ተነሡ። ከተማው ውስጥ መብራት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ጽሕፈት ቤቱ ብንሮጥም የሚሠራ ነገር የለም። ስለዚህ ዮሴፍ አዲስ አበባ ላለው ጓደኛው ለኤፍሬም ደወለ፤ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ የሚስጥር ቃሉን ፊደል በፊደል ነገረው። አራት ሰዓት ላይ ኤፍሬም መልሶ ደውሎ አጥፍቼዋለሁ አለ። እስከዚያ ሦስት መቶ አርባ ሰው አንብቦታል።

ሚኒባሱ የመጣው ግን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሹፌሩ ጎማ እያስጠገነ ነበር አለ፤ የማይረባ ምክንያት ቢሆንም የሚጨቃጨቅ አቅም ያለው አልነበረም። ጋሽ ፈቃዱና ጋሽ ሸረፋ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ፣ እኔ ከእነሱ ኋላ። ዮሴፍ እንግዳ ለመቀበል ቀረ። ስንነሣ በመስኮት በኩል ለአባቱ የስልክ ቻርጀር አቀበላቸው፤ ሳያዩት ተቀበሉት። መንገዱ ግማሹ ገና ይሠራ ስለነበር አቧራው እየገባ ጉሮሯችንን ያሳክከናል። ጋሽ ሸረፋ ስለ ቆዳ ዋጋ መውደቅ ብዙ አወሩ። የበግ ቆዳ ድሮ በስንት ይገዙ እንደነበር፣ ዘንድሮ ነጋዴው እንዴት እንደሚያራክሰው ተናገሩ። ጋሽ ፈቃዱ "እህ" እያሉ ይሰማሉ፤ እንደማይሰሙ ግን ያስታውቃል። ወንድማቸው ስፌት የጀመረው እሳቸው በገዙለት ሲንጀር እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

መንገዱን ስናጋምስ ያ የመርካቶው ሰውዬ እንደገና ደወለ። ድምፁ አሁን ደስታ የሞላበት ነበር። ብሎጉን ደግሞ ሲከፍተው ዜናው ጠፍቷል፤ ውሸት ኖሯል፣ እንኳን ውሸት ሆነ፣ ያ ልጅህን ግን ቅጣው አለ። ጋሽ ፈቃዱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩ። እውነት ነው ማለት አለባቸው፤ እውነት ነው ብለው ወንድማቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ሊገድሉት ነው። በመጨረሻ "ሞቷል፣ ወንድሜ" አሉት። ሰውዬው ግን የምትለው አልገባኝም፣ ታዲያ ለምን ጠፋ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። ከእሱ በኋላ ሌሎችም ደወሉ። አንዲት የአውቶቡስ ተራ ድምፅ የሚሰማባት ሴት፣ ቲኬት ቆርጬ ነበር፣ ልመልሰው ወይስ ልምጣ ብላ ጠየቀች፤ ሳይመልሱላት መስመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ሸረፋ ስልኩን ከእጃቸው ወስደው፣ ለሚደውለው ሁሉ ራሳቸው "ሞቷል፣ ኑ" ማለት ጀመሩ። እኔ ከኋላ ሆኜ ጥፋቱ ጠዋት መጻፋችን ይሁን ረፋድ ላይ ማጥፋታችን ለመለየት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። መጻፉ ትክክል ከሆነ ማጥፋቱ ስሕተት ነው፤ ማጥፋቱ ትክክል ከሆነ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ግራ ገባው?

ወልቂጤ ስንደርስ አስር ሰዓት ሊሆን ነው። ሰገነት በወር አራት መቶ ብር የምትከራየው ቤት ሰባት አባወራ ያለበት ግቢ ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። የግቢውን በር ስንከፍት ሴቶች ልብስ እያጠቡ ነበር። ሲያዩን ማጠባቸውን አቆሙ። ሰላምታ ሰጡን፣ ማን ናችሁ ብሎ የጠየቀን ግን የለም። አንዷ ልጇን ከመንገዳችን ጎትታ አስጠጋችው። ከሰገነት በር ውጭ በረንዳው ላይ ከጎረቤት የተዋሰቻቸው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ወደ ውስጥ አልገቡም፣ ወደ ባለቤቶቻቸውም አልተመለሱም። ጋሽ ፈቃዱ ወንበሮቹን አይተው ቆም አሉ። እኔን አዩኝ። እኔም ወንበሮቹን አየሁ።

ሰገነት በሩን ራሷ ከፈተችልን። የትምህርት ቤት ልብሷን አልለወጠችም፣ እጇ ላይ ጠመኔ ነበረ። እያንዳንዳችንን በተራ አየችን፤ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ጋሽ ፈቃዱን፣ መጨረሻ ላይ ጋሽ ሸረፋን። ጋሽ ሸረፋ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ግቡ አለችን፣ ገባን። ጋሽ ፈቃዱ በመንገድ ሲያጠኑት የመጡትን ጀመሩ፤ ሰላም ነሽ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ እኛማ ደህና ነን፣ ተካ ብቻ ትንሽ አሞት...

"ጋሼ፣ እባክዎ አይዋሹኝ" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "ጠዋት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሳየው አባቴ ሞቷል። እረፍት ላይ ስከፍተው ጠፍቷል። ሞቶ ይሁን ድኖ ሳላውቅ ሦስተኛ ክፍሎችን ማካፈል አስተምሬ ገባሁ።"

ጋሽ ፈቃዱ ለምን አልደወልሽም አሏት፤ ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው ይመስለኛል።

"ብደውል ትንሽ አሞት ነው ትሉኛላችሁ። እሱን ሰምቼ ምን ልሁን? ስንት ሰው ደወለልኝ መሰላችሁ። ሁሉም ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው ይላል። የአዲስ አበባዋ አክስቴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችኝ። አንብባ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፣ እሷም አንብባ ይሆናል ብላ ትጠብቃለች፣ ሁለታችንም ስለ ሽንኩርት አወራን። ወንበር ተዋስኩ፤ ተመልሼ ደግሞ ለአባቴ በቁሙ ላለቅስለት ነው እንዴ አልኩ። ለራሴ መርዶ ነግሬ ማንን ይዤ ላልቅስ? አሁን እርስዎ ይንገሩኝ።"

ጋሽ ፈቃዱ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወንድማቸው ሌሊት ማረፉን፣ ሲያርፍ እሳቸው እጁን ይዘው እንደነበር ነገሯት። ያን ጊዜ አለቀሰች። አጎቷን ይዛ፣ ጠመኔው እጇ ውስጥ እየተፈረፈረ፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ሁሉ አለቀሰችው። የግቢው ሴቶች እንደተጠሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገቡ። እነሱም ከጠዋት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ የአንዷ ልጅ አንብቦ ነግሯቸዋል። ወንበሮቹን እኔና ጋሽ ሸረፋ ወደ ውስጥ አስገባን። ጋሽ ሸረፋ በሩ አጠገብ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

ስንመለስ ሰገነት ከጋሽ ፈቃዱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከግቢው ሁለት ሴቶች አብረዋት መጡ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ማልቀሷን ስታቆም ወደ ኋላ ዞራ ዜናውን ማን እንደጻፈው ጠየቀችኝ። ዮሴፍ ነግሮኝ እኔ ጻፍኩት አልኩ። ማን አጠፋው አለች። ነገርኳት። የምትቆጣ መሰለኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

"መልሱት" አለች። "እንደነበረ መልሱት። ከሥሩ ደግሞ፣ ለልጁ ለሰገነት መርዶው ተነግሯታል ብለህ ጨምርበት። ሰው ሁሉ እኔን ፈርቶ እውነቱን እየሸሸገ አንቆኛል።"

ወደ ጋሽ ፈቃዱ አየሁ። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ጋሽ ሸረፋ "ልጅቱ እውነቷን ነው" አሉና የጋሽ ፈቃዱን ስልክ አቀበሉኝ። ለዮሴፍ ደወልኩ። ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት፤ እሱም ለኤፍሬም አስተላለፈው። ጉብሬን ሳናልፍ የሰገነት ስልክ መጥራት ጀመረ። አንዱን ስትዘጋ ሌላው ይጠራል፤ ከእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ የለቅሶ ድምፅ ይሰማል፣ እሷም አብራ ታለቅሳለች። አሁን ስለ ሽንኩርት የሚያወራ አልነበረም። አንድ ጊዜ ጋሽ ፈቃዱ ቻርጀሩን ከኪሳቸው አውጥተው ሹፌሩ እንዲሰካላት ሰጡት።

ቀብሩ አርብ በስምንት ሰዓት ተፈጸመ። ቲኬቷን የመለሰችው ሴት አልደረሰችም። ጋሽ ፈቃዱና ዮሴፍ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ሳይነጋገሩ በአንድ ድንኳን ውስጥ እንግዳ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ዮሴፍ የሟቹ ቤተ ሰብ ሁሉ መርዶ እንደተነገረው ሳያረጋግጥ የሞት ዜና ማውጣት ተወ፤ በዚህ ምክንያት ዜናው አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይዘገያል። በግንቦት ወር ሌላ የከተማው ልጅ ሰው በሞተ በሰዓቱ የሚያወጣ ብሎግ ከፈተ። ከአንባቢዎቻችን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደዚያ ሄዱ። ከሄዱት አንዷ ሰገነት ናት።